የቀፎው ቀኝ ጎን

አውሮፕላኑ አይሸጥም። ደሞ «ሬሳ ሳጥን» አይደለም። ደሞ አባባን ያሳበድኩት እኔ አይደለሁም፤ ሰውዬው ስለ አውሮፕላን ማውራት የጀመረው እኔ የጫማ ክር ማሰር ሳልችል ነው፣ ያኔ ማን አሳበደው? ትናንት በስልክ ስትጮሂ ይሄን ሁሉ ልመልስልሽ አፌን ስከፍት ጆሮዬ ላይ ዘጋሽብኝ። እኔ ደሞ የተዘጋብኝን ስልክ መልሼ አልደውልም፣ አመሌን ታውቂዋለሽ። ስለዚህ እየጻፍኩልሽ ነው። ደብዳቤ መሃል ላይ አይዘጋም። ቀደሽ ብትጥይውም መጀመሪያ ሳታነቢው አይደለም፤ እኔም ያንቺን አመል አውቀዋለሁ።

ውይ፣ ሰላም ሳልልሽ። እታለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? ያ የማይለቅ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? ባልሽስ ወገቡን ተሻለው? ትንሿ ጥርስ አወጣች አሉ። መናከስ ከጀመረች መልኬን ብቻ ሳይሆን አመሌንም ወርሳለች ማለት ነው፣ እግዜር ያግዝሽ። እኛ ደህና ነን። እኔን ከጋራዡ ብናኝ የተነሳ ክንዴን ያሳክከኛል እንጂ ሌላ ምንም የለብኝም። አባባም ደህና ነው፤ ማለቴ ይበላል፣ ይስቃል፣ ይቆጣኛል።

ይሄን ወረቀት የሚያደርስልሽ የአባባ የድሮ የአውቶቡስ ረዳት ነው። አሁን ራሱ ሹፌር ሆኗል፣ ጢምም ለማብቀል እየሞከረ ነው፣ እንዳትስቂበት። ዓርብ ጠዋት ከዚህ ይነሳል፣ ከቀትር በኋላ መሥሪያ ቤትሽ በር ላይ ታገኚዋለሽ። ለምን በስልክ አትነግሪኝም እንዳትይኝ። ቤታችን ጠባብ ነው፣ የአባባ ጆሮ ደሞ ከቀን ወደ ቀን እየሰላ ሄዷል። አውሮፕላኑን የምንሠራበት ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ጓዳ ያለውን የጣሳ ክዳን ሰምቶ ስኳር እየላስኩ መሆኔን ያውቃል። ድሮ አፍንጫው ሥር ሰርቀን ስንበላ የማይሰማን ሰውዬ።

እሺ፣ መጀመሪያ የትምህርቱን ነገር እንጨርሰው። አንቺ ለዘመድ ሁሉ «ተባረረች» እያልሽ ታወሪያለሽ። አልተባረርኩም። አርፍጄ ስገባ ምክትል ዳይሬክተሩ በር ላይ አቁሞ «የካፒቴኑ ልጅ፣ ምነው በአውሮፕላን አልመጣሽም?» ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ። እኔም «የኛ ገና ስላላለቀ ሰበብ አለው፤ የርስዎ ቀልድ ግን ተሠርቶ አልቆ ነው መነሳት ያቃተው» አልኩት። በኔ ከሳቁት በላይ በሱ ሳቁ። ሁለት ሳምንት ታገድኩ፣ ወላጅ ይዘሽ ተመለሺ ተባልኩ። ይሄው ነው። ወላጅ አለኝ፣ እግርም አለኝ፣ መመለስ እችል ነበር። ያልተመለስኩት እኔ ነኝ።

ለምን አልተመለስሽም ብለሽ ግን ጠይቀሽኝ አታውቂም። «አመሏ ነው» ብለሽ ፋይሉን ዘጋሽው።

እስከዚያ ድረስ ጋራዡን የማውቀው ከትምህርት ስመለስ ብቻ ነበር፤ አባባ ሥራ ጨርሶ፣ ዕቃውን ሰብስቦ፣ እጁን ሲታጠብ። በእገዳው ጊዜ ግን ሙሉ ቀን አብሬው ዋልኩ። አንድ ቀን ሬዚን ሲቀላቅል አጠገቡ ነበርኩ። ሬዚን ማለት ሙጫው ነው። ብቻውን ሲሆን እንደ ማር ነው፣ ዝም ብሎ ይተኛል። ማጠንከሪያ የሚባል ውሃ የመሰለ ነገር ሲገባበት ነው ድንጋይ የሚሆነው። ልኩ በሚዛን ነው። ሚዛኗ ትንሽ ናት፣ ቁጥሮቿም ቀጫጭን፣ የጉንዳን እግር ነው የሚመስሉት። አባባ መዘነ፣ ጨመረ፣ ማማሰል ጀመረ። ወዲያው ጣሳው እጁ ላይ ፈላ። ጭስ አወጣ። ማጠንከሪያው ሲበዛ እንደዚያ ነው፣ እሳት ሳይነካው ይቃጠላል። «ጣለው አባባ!» ስለው ወዴት እንደሚጥለው ጠፋው። በሩ እኮ ክፍት ነው፣ በቀኙ በኩል፣ አጠገቡ። ነጥቄ ወደ ውጭ ወረወርኩት። መዳፉ ተልጦ ነበር።

ላንቺ «ሻይ ደፋሁበት» ብሎሻል። አባባ ሻይ አይጠጣም። ረሳሽው?

ቧንቧው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰስኩለት «ማይልኝ» አለኝ። በእማማ አፈር አስማለኝ። ላንቺ በተለይ። ስለ ምን እንዳስማለኝ እንዳትጠይቂኝ፣ ምያለሁ፣ አልናገርም። ዝም አይነቅዝም። ከሚቀጥለው ቀን ጀምሮ ሚዛኗን የማነበው እኔ ነኝ፣ እሱ ያማስላል። የእገዳው ሁለት ሳምንት ሲያልቅም ደብተሬን አላነሳሁትም። በቃ፣ ስለሱ የምጽፈው ይሄን ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ የምነግርሽ ስለ ፋይበር ግላስ ነው። ስለ ፋይበር ግላስ አልማልኩም።

አንቺ «ጨርቅ ሲለጥፉ ይውላሉ» ትያለሽ አይደል? ልክ ነሽ፣ ጨርቅ ነው። ከመስታወት የተፈተለ ጨርቅ። አውሮፕላኑ በሳጥን ሲመጣ ቀፎው፣ ማለት ገላው፣ ለሁለት የተከፈለ ነበር፣ ግራና ቀኝ፣ እንደ ኦቾሎኒ ቅርፊት። ውስጡ መቀመጫውን የሚሸከም ግድግዳ ይገባል፣ ወደ ጭራው ሌላ ግድግዳ ይገባል። እነሱን ከቀፎው ጋር የሚያጋባቸው በሬዚን የራሰ ያ ጨርቅ ብቻ ነው። ብሎን የለም፣ ሚስማር የለም። የሰው ነፍስ በጨርቅና በሙጫ ትንጠለጠላለች። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የሚከብደው መለጠፉ አይደለም፣ ከመለጠፉ በፊት ያለው ነው።

ቀፎው ከፋብሪካ ሲወጣ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። ታዲያ ሙጫ የሚያንጸባርቅ ነገር አይወድም። የያዘ ይመስልሻል፣ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ከዚያ አንድ ቀን አየር ላይ ደህና ሁኑ ብሎ ይለያል። ስለዚህ በብርጭቆ ወረቀት ትፈትጊዋለሽ። ክንድሽ እስኪዝል ሳይሆን ጭልጭታው እስኪጠፋ። እንደ ደረቀ ኖራ ፍዝዝ ማለት አለበት። የእጅ ባትሪ በአግድም ታበሪበታለሽ፤ የሚጠቅስሽ ቦታ ካለ አልተፈተገም፣ ተመለሽ። ከዚያ ብናኙን ጠርገሽ፣ ነጭ ጨርቅ በአሴቶን፣ በዚያ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያሽ፣ አርሰሽ ታብሻለሽ፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪመለስልሽ እየቀያየርሽ። ከዚያ ወዲያ በባዶ እጅ መንካት ክልክል ነው። የሰው እጅ ቅባት አለው። አንቺማ በዚያ እንደ ቂቤ በምትቀቢው ክሬምሽ አንዴ ብትዳብሽው አውሮፕላኑ ከመንደርደሩ በፊት ይፈታል። እርግጠኛ ካልሆንሽ ውሃ ትረጪበታለሽ፤ እንደ አንሶላ ከተነጠፈ ንጹህ ነው፣ እንደ ዶቃ ክብ ክብ ከሠራ ገና ነው፣ እንደገና።

ከዚያ በኋላ ነው ጨርቁ የሚመጣው። ሬዚን በብሩሽ ትቀቢያለሽ፣ ጨርቁን ታነጥፊያለሽ፣ በብሩሹ ጫፍ ጠቅ ጠቅ ታደርጊዋለሽ። ከጎተትሽው ይሸበሸባል። ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ አየር ገብቶበታል። በደንብ ከራሰ ጨርቁ ራሱ ይጠፋል፣ ከሥሩ በእርሳስ ያሰመርሽው መስመር ብቻ ይታይሻል። አባባ መጀመሪያ ያስተማረኝ ይሄን ነው። «ጨርቁ ካልታየሽ ሠርተሻል» አለኝ።

እኔ ግራኝ ነኝ። ልጅ ሆኜ ማንኪያ ከእጄ እየቀማሽ «በቀኝሽ» ስትይኝ ያደግሽው አንቺ ነሽ። እዚህ ግን ግራኝነቴ ሥራ አገኘ። ገና ከጀመርንበት ቀን አንስቶ የቀፎው ግራ ጎን የኔ ነው፣ ቀኙ የአባባ። አንዳችን የሌላውን ጎን አንነካም። ድንበር ነው፣ ክርክርም አለበት፤ እሱ የኔን «የዝንጀሮ ሥራ» ይለዋል፣ እኔ የሱን «የጡረተኛ ሥራ» እለዋለሁ። እንደዚያ እየተሰዳደብን ነው የምንውለው። ደስ ይላል እኮ። አንቺ እንደምታስቢው ጋራዥ ውስጥ የሚለቀስ የለም።

አሁን ወደዚያ ወደ ተላጠው ነገር ልምጣ፤ ትናንት ስልክ ላይ ከሁሉም በላይ ያሳበጠሽ እሱ ነው።

የመቀመጫውን ግድግዳ ባጋባን ማግስት ጋሼ ርጭት መጡ። አታውቂያቸውም፤ በአውሮፕላን የእርሻ መድኃኒት ሲረጩ የኖሩ አብራሪ ናቸው፣ ስሙም ከዚያ ነው የወጣላቸው። ሲያልቅ የሚያበሩት እሳቸው ናቸው። አባባ አጠገባቸው ይቀመጣል፣ ቃል ገብተውለታል። እሳቸው መጥተው «ጥሩ ነው» ብለው የሚሄዱ ሰው አይደሉም። ጠፍጣፋ ካቻቪት አወጡ፣ የጨርቁን ጠርዝ ከሥር ፈልቀቅ አደረጉ፣ በሁለት ጣታቸው ያዙና ጎተቱት። መጣ። ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ሙዝ ልጣጭ። አንድ ክር እንኳ ሳይቀር።

ከሥሩ ቀፎው ያበራል። እዚህ ጭልጭ፣ እዚያ ጭልጭ፣ ደሴት ደሴት ሠርቶ። በበሩ የገባው ፀሐይ ሲያርፍበት ጣሪያው ላይ ሳይቀር ይጫወታል። ማንም ሰው ከበር ቆሞ ያየዋል።

ጋሼ ርጭት አባባን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «ይሄን ጎን የፈተገው ማን ነው?» አሉ። አባባ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት። እኔ ነኝ አልኩ፣ ቸኩዬ ነው አልኩ። «ሲያንጸባርቅ አላየሽም?» አሉኝ። አላየሁም አልኩ። «ታዲያ ዓይን ምን ያደርግልሻል?» አሉ። ቀልዳቸውን ነው፣ ክፋት የለባቸውም። አባባ ግን ፊቱን ወደ ዕቃ መደርደሪያው አዞረና ብሎን መለየት ጀመረ። የተለዩትን ብሎኖች ነው እንደገና ሲለይ የነበረው። 

ከጋሼ ርጭት ወደ አባባ ረዳት፣ ከረዳቱ ወዳንቺ። ወሬ ነዳጅ አይፈልግም። አንቺም ዘለሽ «የሷ ሥራ በጣት ተላጠ፣ ሰው ልትገድል ነው፣ ይሸጥ» አልሽ። አዎ፣ የተላጠው የቀፎው ቀኝ ጎን ነው። አዎ፣ እኔ ነኝ ብያለሁ። ነገም እኔ ነኝ እላለሁ፣ ከነገ ወዲያም። አፈር ቅመሽ ብትይኝም አልለውጥም። አንቺ የተማርሽ ነሽ እታለም፣ ማንበብ ታውቂያለሽ። ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ደሞ ሌላም አለ። «ሹፌርነቱን ጥሎ በሽምግልናው መጫወቻ ይዞ ተቀመጠ» ትያለሽ። እስቲ አስቢ። ያን ሁሉ ዘመን ሰው ቀርቶ ዶሮ አልገጨም። ማንም ውረድ አላለውም። እንዲያውም አለቃው ቆይ እባክህ ብሎ ለምኖታል። አባባ ግን አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከመንገድ ገባ፣ ቁልፉን አለቃው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፣ በእግሩ ወደ ቤት መጣ። ረዳቱን ጠይቂው፣ በርሽ ላይ ቆሟል። የዚያን ቀን መንገዱን ማን ማን ሆነው እንደጨረሱት ይንገርሽ። እሱ አልማለም።

ያንቺ ቤት ደረጃስ? ልጅሽ የተወለደች ጊዜ ሊጠይቅሽ መጥቶ ደረጃው ላይ የወደቀ ዕለት «ጠጥቶ ነው» ብለሽ በባልሽ ፊት አሳፈርሽው። ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለው፣ መብራቱ የተቃጠለ። እማማ ስትሞት እንኳ ያልጠጣ ሰው። ታዲያ አባባ ምን አለሽ? «ትንሽ ቀምሼ ነው» አለሽ። አልቀመሰም። ሰካራም መባል ከሌላው ነገር ይሻለኛል ብሎ ነው የመረጠው፣ ከየትኛው ነገር እንደሚሻለው ግን አልነግርሽም። ምያለሁ አልኩሽ። አሁን ደሞ እዚያው ሦስተኛ ፎቅሽ ላይ ወስደሽ ልታስቀምጪው ነው። የደረጃው መብራት ተሠርቷል ወይ?

እኔ የሚያናድደኝ መሸጡ ብቻ እንዳይመስልሽ። መሸጡን ሳታነሺ በፊት «አውሮፕላኑ የትም አይሄድም፣ ትምህርቷን ትጨርስና ትሠራዋለች» ያልሽው ነው ያቃጠለኝ። እሱማ አይሄድም። የሚሄደው ሌላ ነው።

አንድ ቀን እየፈተግን ሳለ ጠየቅኩት። ሲያልቅ የት ልትሄድበት ነው፣ ከኛ ልታመልጥ ነው ወይ አልኩት። የትም አለኝ። ያንን ሲነዳበት የኖረውን መንገድ አንዴ ከላይ ማየት ነው የሚፈልገው። ሁልጊዜ የሚያውቀው በመስታወት በኩል ቁራጭ ቁራጩን ነው፣ ሙሉውን አይቶት አያውቅም። ከወንዙ ወዲያ ያለውን ኩርባ ታውቂዋለሽ፣ እማማ መጀመሪያ አውቶቡሱ ላይ የተሳፈረችበትን። ቅርጫት ይዛ፣ «ቦታ ከሌለ ጭንህ ላይ እቀመጣለሁ እንዴ?» ያለችበትን። ያንን ኩርባ ከላይ ልየው አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልፈልግም አለኝ። ጋሼ ርጭት ደመናው ከመግባቱ በፊት ይበራል ብለዋል። አባባ «ይሄ ክረምት ካለፈ ግን...» ብሎ ጀመረና ተወው። እኔም አልጨረስኩለትም። ልትጨርሺው ትችያለሽ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ።

ታዲያ እንዳታለቃቅሺ። አባባ የሚታዘንለት ሰው አይደለም። ከተላጠው ወዲህ ሥራውን እንደ አዲስ ተከፋፍለነዋል፣ ማንም ሳይነግረን። አሁን ሁለቱንም ጎን በባትሪ የማየው እኔ ነኝ። እሱ ደሞ ቀፎው በአሴቶን ከመታበሱ በፊት ጥፍሩን እየጎተተበት ያዳምጠዋል፤ የተፈተገው ይንሿሿል፣ ያልተፈተገው ዝም ይላል። ሲደርቅ ደሞ ሳንቲም ይዞ ይመጣል። ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያደረገ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይሄዳል፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ እንደ ሐኪም። ሙሉ ከሆነ ይጮሃል፣ ከሥሩ አየር ካለ ድምፁ ይታፈናል።

ባለፈው የኔን ግራ ጎን እየመታ ሄዶ ሄዶ ቆመ። «እዚህ ጋ አየር ቤት ተከራይቷል» አለኝ። የለም አልኩት። በባትሪ አየሁ፣ በአጉሊ መነጽር አየሁ፣ ምንም የለም። እሱ ሳንቲሙን ይመታል፣ «ውጣ በይው» ይለኛል። ጣቴን የማያክል ቦታ ነው። ማንም አያየውም አልኩት። «እሱ መታየት አይፈልግም፣ ለመላጥ ነው የተቀመጠው» አለኝ። ባልዲ ረገጥኩ። ባልዲው ምንም አልሆነም፣ ያበጠው የእግሬ አውራ ጣት ነው። ከዚያ ፈተግኩት። እውነትም ባዶ ነበር፣ እንደ ምስር ያህል። አባባ ሳንቲሙን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ፣ «ኪራዩን ተቀበይ» ብሎ። እንዲህ ያለውን ሰው ነው አንቺ በረንዳ ላይ ወንበር ሰጥተሽ ልታደርቂው ያሰብሽው።

እና ስሚኝ። ያገኘሽለትን ገዢ ቀረ በይው። ልታስጭኚው የተከራየሽውን ጭነት መኪናም መልሺ። ካልመለስሽው እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ፣ የሚጭኑት እኔን ጭነው ነው፣ እኔ ደሞ እናከሳለሁ፣ ልጅሽ ከማን እንደወረሰችው ያዩታል። ከጠላሽኝም ጥዪኝ። ትምህርቱን እመለሳለሁ። ለምክትል ዳይሬክተሩ ይቅርታ እጠይቃለሁ እንኳ፣ ቀልዱ ይነሳ ይሆናል እላለሁ። ግን ከዚያ በረራ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በእጅ ሰንሰለት ብታስጎትችኝ አልሄድም።

ቅዳሜ ግን ነይ። ባዶ እጅሽን፣ አሮጌ ልብስ ለብሰሽ። ቅዳሜ ሁለቱን የቀፎ ግማሾች የምናጋባበት ቀን ነው። ረጅም ጨርቅ ነው የሚነጠፈው፣ ከአፍንጫ እስከ ጭራ፣ ሬዚኑ ከተቀላቀለ በኋላ ደሞ ቆይ ልጠብቅሽ አይልም። ግራውን እኔ እይዛለሁ። አባባ መሃል ሆኖ ያማስላል፣ ሲደርቅ ሳንቲሙን ይዞ ይመጣል። በቀኝ በኩል ቆሞ ጨርቁ የት ነጭ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው የለኝም። ጋሼ ርጭትን መለመን እችላለሁ፣ ግን ድንበሩ የሰው አይደለም፣ የቤት ነው። ክሬም ተቀብተሽ ከመጣሽ አስታጥቤሽ ነው የማስገባሽ። ፀጉርሽን እሰሪ፣ ሬዚን ከነካው በመቀስ እንጂ በሌላ አይወጣም። ስድብም ትለማመጃለሽ፣ በመንገድ ላይ አስቢበት፣ አባባ «ጡረተኛ» ሲሉት ደስ ይለዋል።

ለአባባ ምንም እንዳትይው። እንዴት ነህ፣ አመመህ፣ ለምን አልነገርከኝም፣ ይሄን ሁሉ እንዳታመጪ። እኔ ምንም አልነገርኩሽም። ደብዳቤውን መልሰሽ አንብቢው፣ መሐላዬን ያፈረስኩበት አንድ ቃል ካገኘሽ ከእህትነት ሰርዢኝ። ደውለሽ የምትይው ይሄ ብቻ ነው፤ «ቅዳሜ ልመጣ ነው፣ የቀኙን ጎን ልያዝ?» በቃ። የቀረውን እሱ ራሱ ይነግርሽ እንደሆነ ይንገርሽ። ጨርቁ ሲነጠፍ ሰው ይናገራል፣ እጁ ስለተያዘ ነው መሰለኝ።

እኔም ትንሽ ልረጋጋ። እጄ በጣም ዛለብኝ፣ ትምህርት ቤት እንኳ ይሄን ያህል ጽፌ አላውቅም፣ መምህሬ ብታየው ታለቅስ ነበር። እታለም፣ ጉልበትሽ አይዛል። እጅሽ እንደኔ እጅ አይሻክር። የልጅሽ ጥርስ ይጥና፣ ከኔ ሌላ የምትናከሰው አትጣ። ባልሽን ወገቡን ይማርልሽ። ቤትሽም፣ ደረጃሽም፣ መግቢያ መውጪያሽ ሁሉ ብርሃን አይጣ።

ፀጉሯን እየጎተትሽ የጎነጎንሻት ታናሽሽ

ደሞ ይሄን እንዳትዘልዪው። ዛሬውኑ ደውዪ፣ በኔ ስልክ ሳይሆን በአባባ። ጀምበር ሳትጠልቅ። ከመሸ በኋላ ስልኩ ሲጠራ ድምፁን ተከትሎ ነው የሚነሳው፣ ጋራዡ ደሞ በክንፍና በጣሳ የተሞላ ነው፣ እንደ ቀኑ መንገድ አይለቅለትም። እኔ እዚያው ነኝ፣ ግን አላነሳለትም፣ አላቀብለውምም፣ ራሱ ያንሳው። ስለዚህ ሳይጨልም ደውዪ።